ጋቢ ያልተጣለበት ትዕይንት

ይህንን ፊልም ያገኘሁት ስለ ቁም ሳጥን አሠራር ነው ተብዬ ነው።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አካባቢ ፍላሽ ላይ ፊልምና መዝሙር የሚጭን አንድ ልጅ አለ። ሱቁ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የሌለ ነገር የለም። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ወራት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፍላሹን ይዞ የሚሰለፈው እርሱ ጋ ነበር። እኔ ከሃያ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ማታ ማታ አንድ ዘጋቢ ፊልም ካላየሁ እንቅልፍ እሺ አይለኝም። «የአንበሳና የጅብ አልቋል ጋሼ፤ ሁሉንም ወስደዋል» አለኝ። ዝርዝሩን ወደ ታች እያወረደ ቆየና «ይኸ ደግሞ ስለ ቁም ሳጥን ነው መሰለኝ፤ ከእንጨት ሥራው ጋር ነው ያስቀመጥኩት» አለ። ባለቤቴ ቁም ሳጥን ይሠራልኝ ማለት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነውና አሥር ብር ከፍዬ ጫንኩት።

ስሙ «ዘ ሴሉሎይድ ክሎዜት» ይላል። ሴሉሎይድ ድሮ የፊልም ጥቅል የሚሠራበት ነገር ነው፤ ክሎዜት ያው ቁም ሳጥን ነው። አሜሪካኖች ወንድ ሆኖ ወንድ የሚወድን፣ ይህንንም ከሰው ደብቆ የሚኖርን ሰው ቁም ሳጥን ውስጥ ነው ይሉታል። ስለዚህ ልጁ ፈጽሞ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። የቁም ሳጥን አሠራር ነው፤ አናጺው ሆሊውድ ነው እንጂ።

ፊልሙ በ1995 የተሠራ ነው (የፊልሞችን ዓመት በፈረንጆች፣ የራሴን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ)። አዘጋጆቹ ሮብ ኤፕስቲንና ጄፍሪ ፍሪድማን ናቸው፤ ትረካውን ተዋናይት ሊሊ ቶምሊን ታነብባለች። መነሻው ቪቶ ሩሶ የተባለ አሜሪካዊ በ1981 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሩሶ በኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የፊልም ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ነበር። መጽሐፉ ከመውጣቱ በፊት የፊልም ቅንጫቢ ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ ያስተምር ነበር። በ1990 በኤድስ ሞተ፤ ዘጋቢ ፊልሙን ሳያየው ማለት ነው። ዘጋቢ ፊልሙ ከመቶ በላይ ከሆኑ ፊልሞች ቁራጭ ቁራጩን እየሰካ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሆሊውድ እንዲህ ያለውን ወንድ እንዴት አድርጎ አሳየን?

ሕጋችንና ሃይማኖታችን ስለ ጉዳዩ የሚሉትን አንባቢ ያውቃል፤ በእርሱ ልከራከር አልተቀመጥኩም። የተቀመጥኩት ስለ ፊልም ሥራና ስለ ሳቅ ልጽፍ ነው። በተለይ ስለ ራሴ ሳቅ።

በ1989 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ ቪዲዮ ቤት ነበር። የጭቃ ቤት ነው፤ ሃያ አንድ ኢንች ቴሌቪዥን፣ ከጣውላ የተመቱ አግዳሚዎች፣ በሩ ላይ ጆንያ። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። እንግሊዝኛዬ ደህና ነው ስለተባለ ባለቤቱ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ለሕዝቡ ጮክ ብዬ እንድተረጉም ያደርገኝ ነበር። ደመወዜ ነፃ መግቢያና አንድ ብርጭቆ ሻይ ነው። ሰውየውን ሁላችንም «አያ» ነበር የምንለው። በዕድሜ ይበልጠናል፤ ቁጣውም እንደ ታላቅ ወንድም ነበር።

አያ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ወንድና ሴት ሊሳሳሙ ፊታቸው ሲቀራረብ ከመቀመጫው ብድግ ይልና ጋቢውን ቴሌቪዥኑ ላይ ጣል ያደርጋል። ሙዚቃው ይሰማል፤ የሚታይ ነገር ግን የለም። መሳሳሙ ማለቁን በምን ያውቅ እንደነበረ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ በልኩ ያነሣዋል። «ይኸ ቤት የእናቶቻችሁን ልጆች የማበላሽበት አይደለም» ይል ነበር።

በዚያ ዓመት «ብሬቭሃርት» የሚባለው ፊልም በካሴት መጣ። ዊልያም ዋላስ የተባለው የስኮትላንድ አርበኛ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር የሚዋጋበት ነው። ፍኖተ ሰላም አብዶ ነበር ማለት ይቻላል። ጀግና፣ ፈረስ፣ ጎራዴ፣ ለአገር መሞት፤ የቀረ ነገር የለም። እኔም ድምፄ እስኪዘጋ ተረጎምኩ። ፊልሙ ውስጥ የእንግሊዙ አልጋ ወራሽ አንድ ወዳጅ አለው። ቀጠን ያለ፣ የሚያምር ልብስ የለበሰ ወጣት ነው። ንጉሡ «የጦር ስልት ታውቃለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ልጁ መመለስ ይጀምራል፤ ንጉሡ ትከሻውን ይዞ እየመራ ይወስደውና በግንቡ መስኮት ይወረውረዋል።

ጋቢው አልተጣለም። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እኔ ደግሞ ንጉሡ ያላለውን ጨመርኩለት፤ «ይኸ ሴታሴት ለጦር አይሆን፤ ሂድ ወፍ ሁን!» አስባልኩት። ከኋላ «ድገመው! ድገመው!» የሚል ጩኸት ተነሣ። አያ ካሴቱን መልሶ ደገመው። ሁለተኛው ሳቅ ከመጀመሪያው በለጠ። በማግሥቱ ገበያ ውስጥ «ሂድ ወፍ ሁን!» የልጆች መሰዳደቢያ ሆኖ ሰማሁት፤ ኮራሁ።

«ሴታሴት» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። አማርኛችን አረማመድን፣ የድምፅ ቃናን፣ የእጅ አጣጣልን በአንድ ቃል ይጠቀልላል። ሰውየው ማንን እንደሚወድ የሚናገር ነገር ቃሉ ውስጥ የለም፤ እኛ ነን የምንጨምርበት። ዘጋቢ ፊልሙን ሳየው የገባኝ ሆሊውድም ያደረገው ይህንኑ መሆኑ ነው። እኔ በበርጩማዬ ላይ ሆኜ የፈጠርኩት የመሰለኝ ቀልድ ከእኔ በፊት ሰማንያ ዓመት ያገለገለ ኖሯል።

ቻርሊ ቻፕሊንን ውሰዱት። በ1916 በሠራው «ቢሃይንድ ዘ ስክሪን» ውስጥ አንዲት ሴት የወንድ ልብስ ለብሳ የመድረክ ሠራተኛ ሆና ትቀጠራለች። ቻፕሊን ሴትነቷን ደርሶበት ይስማታል። ግዙፉ አለቃ ይህንን አይቶ፣ ሁለት ወንዶች የተሳሳሙ መስሎት፣ ወገቡን እየሰበቀ እንደ ሴት ይራመድባቸዋል። ድምፅ የሌለው ፊልም ነው፤ ግን ማንም ተርጓሚ አላስፈለገውም። በ1916 ተመልካቹ ያንን ወገብ መስበቅ ገና ሲያየው ምን ማለት እንደሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

በ1930ዎቹ ነገሩ የሥራ ዘርፍ ሆነ። ፍራንክሊን ፓንግቦርንና ኤድዋርድ ኤቨሬት ሆርተን የተባሉ ተዋንያን ነበሩ፤ ከፊልም ፊልም ያው ናቸው። የሆቴል ሥራ አስኪያጅ፣ አሽከር፣ የጀግናው ድንጉጥ ወዳጅ። እጃቸው ከአንጓው ይታጠፋል፤ ቅንድባቸው ይነሣል፤ ትንሽ ነገር ያስደነግጣቸዋል። ሚስት ቢኖራቸውም ባትኖራቸውም ማንንም የሚመኙ አይመስሉም። ከጀግናው አጠገብ የሚቆሙት ጀግናው ይበልጥ ወንድ እንዲመስል ነው። ዘጋቢ ፊልሙ ውስጥ ሃርቪ ፋየርስቲን የተባለ ጸሐፌ ተውኔትና ተዋናይ (ራሱም ወንድ የሚወድ ነው) ሴታሴቱን እወደው ነበር ይላል፤ ጨርሶ ከመጥፋት በመጥፎም ቢሆን መታየት ይሻላል ባይ ነው። ይህ አነጋገር አላስተኛኝም። ረሃብተኛ የተሰጠውን ሲቀምስ እንደማየት ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ ምርጥ ክፍል ልምጣ፤ ስለ ሳንሱር የሚያወራው ነው። የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ማኅበር በ1930 አንድ የሥነ ምግባር ደንብ አጸደቀ፤ በማኅበሩ ፕሬዚዳንት ስም የሄይስ ደንብ ይባላል። ለአራት ዓመት ያህል በወረቀት ላይ ብቻ ኖረ። በ1934 ጆሴፍ ብሪን የተባለ ሰው አስፈጻሚ ሲሆን ግን ጥርስ አወጣ። የእርሱን ማኅተም ያላገኘ ፊልም የሚያወጣ ድርጅት 25,000 ዶላር ይቀጣል፤ በትልልቆቹ ሲኒማ ቤቶችም ቦታ የለውም። ከተከለከሉት ነገሮች አንዱ ደንቡ «የወሲብ መዛባት» ብሎ የጠራው ነበር፤ በቀጥታ ማሳየት ብቻ ሳይሆን በአዝማሚያ መጠቆምም። እንግዲህ አያና ብሪን የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። ብሪን ጋቢ አልነበረውም እንጂ።

ታዲያ ምን ሆነ? ሰዎቹ ከፊልም ጠፉ? አልጠፉም። አባቴ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ የቆጠሩ ሰው ነበሩ፤ የሰምና ወርቅን ነገር ከእርሳቸው በቁንጥጫም በምርቃትም ተምሬአለሁና ይህ ክፍል ለእኔ ባዕድ አልሆነብኝም። የሆሊውድ ጸሐፊዎች ሰም አበጁ። «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» የተባለው የ1941 ፊልም የተወሰደበት ልብ ወለድ፣ ጆኤል ካይሮ የተባለው ሰው ምን እንደሆነ በግልጽ ቃል ይናገራል። ፊልሙ መናገር አይችልም። ስለዚህ ፒተር ሎር የተጫወተው ካይሮ ከመግባቱ በፊት የጉብኝት ካርዱ ይገባል፤ ካርዱ የአበባ ሽቶ ይሸታል። መርማሪውን የተጫወተው ሃምፍሪ ቦጋርት ያሸትተዋል፤ ጸሐፊውም የአበባውን ስም ትጠራለች። ቀጥሎ ሰውየው ይገባል፤ ፀጉሩ የተጠቀለለ፣ ጓንቱ ነጭ፣ የከዘራውን እጀታ ከከንፈሩ የማያርቅ። ሰሙ ሽቶ ነው። ወርቁን ሳንሱሩ በእርሳስ ሊሰርዘው አይችልም፤ ሽቶ በጽሑፍ ላይ አይሸትም።

ልዩነቱ ግን አለ። የቅኔ ወርቅ ሲወጣ ባለቅኔው ይከበራል፤ ጉባኤው «ይበል!» ይላል። እዚህ ወርቁን ያወጣ ተመልካች የሚያገኘው የሚስቅበት ወይም የሚፈራው ሰው ነው። ደንቡ ስለ እነዚህ ሰዎች በቁም ነገር መናገርን ከለከለ፤ በጓንትና በሽቶ ማላገጥን ግን ሊከለክል አልቻለም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ ጓንትና ያለ ሽቶ ማንም ሊያሳያቸው ስላልቻለ ጓንቱና ሽቶው ራሳቸው ሰዎቹ ሆኑ። እኔ በ1989 ዓ.ም. የተረጎምኩት ይህንን ቋንቋ ነበር፤ ሰዋስውን ሳላውቅ።

አንዳንዱ መጽሐፍ ደግሞ ጨርሶ ይገለበጥ ነበር። በ1947 የወጣው «ክሮስፋየር» የተሠራበት ልብ ወለድ ውስጥ የሚገደለው ሰው ወንድ የሚወድ በመሆኑ ነው የሚገደለው። በፊልሙ ሟቹ አይሁዳዊ በመሆኑ የተገደለ ሆኖ ቀረበ። ፊልሙ ስለ ጥላቻ ነው፤ ጥሩ ፊልምም ነው ይባላል። የሟቹን ማንነት ግን እንደ ገበያ ዕቃ ለውጠውታል።

ለእኛ አገር ሰው የሚያስገርመው የ«ቤን ኸር» ጉዳይ ነው። ይህንን የ1959 ፊልም የማያውቅ የለም፤ አያም በየዓመቱ ለትንሣኤ ያሳየው ነበር፤ ሰዉም ጌታችን ለቤን ኸር ውኃ ሲሰጠው እያለቀሰ ያየው ነበር። ጎር ቪዳል የተባለው ደራሲ በስክሪፕቱ ላይ ከሠሩት አንዱ ነው። ዘጋቢ ፊልሙ ውስጥ ቁጭ ብሎ እየሳቀ እንዲህ ሲል ይተርካል፤ የሮማዊው የመሳላና የአብሮ አደጉ የቤን ኸር ጠብ ለምን እንደዚያ እንደሚመርር ማንም ሊያስረዳ አልቻለም። እርሱ በወጣትነታቸው ፍቅረኞች ነበሩ፣ መሳላ ሊመልሰው ይፈልጋል፣ ቤን ኸር እምቢ ይላል እንበል ብሎ ለዳይሬክተሩ ለዊልያም ዋይለር ሐሳብ አቀረበ። ለመሳላው ተዋናይ ለስቲቨን ቦይድ ይነገረው፤ ቤን ኸርን ለተጫወተው ለቻርልተን ሄስተን ግን እንዳይነገረው ተባለ። ሄስተን በሕይወት ሳለ ይህንን ወሬ ፈጽሞ ክዶታል። እኔ የሁለቱ ዳኛ አይደለሁም። ብቻ ያንን ቅንጫቢ ሦስት ጊዜ መልሼ አየሁት፤ ጦር ወርውረው ሲተቃቀፉ የቦይድን ዓይን አየሁ። አንድ ጊዜ ከሰማችሁ በኋላ እንዳልሰማችሁ ሆኖ ማየት አይቻልም። በሚቀጥለው ፋሲካ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

«ስፓርታከስ»ም አለ፤ 1960። ሮማዊው ክራሰስ በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሆኖ አገልጋዩን ቀንድ አውጣና የባሕር ዛጎል መብላት ይወድ እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ እርሱ ራሱ ሁለቱንም እንደሚወድ ይናገራል። ሳንሱሩ ሰሙን አልፎ ወርቁን አገኘውና ትዕይንቱ ተቆረጠ። በ1991 ሲመለስ ድምፁ አልተገኘም፤ ክራሰስን የተጫወተው ሎውረንስ ኦሊቪየ ሞቷል፤ አንቶኒ ሆፕኪንስ በእርሱ ፈንታ አነበበለት። እኛ ጋ ቢሆን ትዕይንቱ በሌላ ምክንያት ይቆረጥ ነበር፤ ቀንድ አውጣም ዛጎልም እርም ነው።

እዚህ ላይ ከፊልሙና ከሩሶ ጋር የማልስማማበትን ልናገር። ከሚያነሷቸው እጅግ አሮጌው ቁራጭ በ1890ዎቹ አጋማሽ በኤዲሰን ቤተ ሙከራ የተቀረጸ ነው። አንድ ሰው ቫዮሊን ይጫወታል፤ ሁለት ወንዶች ተያይዘው ይጨፍራሉ። ድምፅን ከምስል ጋር ለማዋሃድ የተደረገ ሙከራ ነው፤ ሁለት ሠራተኞች በሥራ ሰዓት ጨፈሩ፤ አለቀ። ይህንን የታሪኩ መጀመሪያ ማድረግ ጎጃምን ያላየ ሰው ሥራ ነው። እኛ ጋ ወንድ ከወንድ ጋር ፊት ለፊት ገጥሞ ትከሻውን ያወርዳል፤ ጓደኛሞች ጣት ለጣት ተቆላልፈው ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ገበያ ይሄዳሉ፤ የሚያያቸውም የለም። ምልክት በአገሩ ነው ምልክት የሚሆነው።

ይህንን በተግባር አይቼዋለሁ። በዚያው ዓመት አንድ የጄምስ ቦንድ ፊልም አሳይተን ነበር፤ «ዳይመንድስ አር ፎርኤቨር»፣ የ1971። ሚስተር ዊንትና ሚስተር ኪድ የሚባሉ ሁለት ነፍሰ ገዳዮች አሉ። በረሃ ላይ ሰው ገድለው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ። ፈረንጅ አገር ተመልካቹ እዚያ ላይ ይስቃል፤ ወይም ይሰቀጥጠዋል። ፍኖተ ሰላም ግን ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ «ምነው፣ ወንድማማች ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። «አዎ አባባ፣ ወንድማማች ናቸው» አልኳቸው፤ ከልቤ። እርሳቸውም «ክፉ ቢሆኑም ተዋድደዋል» አሉ። ቀልዱ እኛ ጋ ሲደርስ ሞተ፤ ምልክቱን የሚያውቅ አልነበረማ። ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ሕዝብ በመስኮት ለተወረወረው ልጅ «ድገመው» አለ። በመካከሉ የሆነው ነገር ትምህርት ነው፤ ፊልሙ አስተማረ፤ እኔ ደግሞ አስጠናሁ።

የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ ስለ ሞት ነው። ደንቡ በ1961 ላላ ሲል ጉዳዩ በጥንቃቄ ከሆነ ሊነሣ ይችላል ተባለ፤ በ1968 ደግሞ ደንቡ ራሱ ቀርቶ በዕድሜ ደረጃ መመደብ መጣ። አንድ ሰው አሁን ተነፈሱ ሊል ይችላል። አልተነፈሱም። ሴታሴቱ ቢያንስ በሕይወት ይቆይ ነበር፤ አሁን ሰውየው በስሙ ሊጠራ ሲችል ሟች ወይም ገዳይ ሆነ። ከዚያ በፊትም ጀምሯል፤ በ1955ቱ «ሬብል ዊዝአውት ኤ ኮዝ» ፕላቶ የተባለው ልጅ፣ የትምህርት ቤት ሳጥኑ ውስጥ የወንድ ተዋናይ ፎቶ የለጠፈው፣ በፖሊስ ጥይት ይወድቃል። በ1959ኙ «ሰደንሊ ላስት ሰመር» ሴባስቲያን ፊቱ እንኳ አይታይም፤ ወጣቶች አሳድደው ይበሉታል። ይበሉታል! በ1993 «ፊላዴልፊያ» መጣ፤ ቶም ሃንክስ ኦስካር ወሰደ፤ ሰውየው ጠበቃ ነው፣ ቤተሰብ የሚወደው ነው፣ የሚያላግጥበት የለም። ያም ሆኖ መጨረሻው ሞት ነው። ሩሶ መጽሐፉ ውስጥ የእነዚህን ገጸ ባሕርያት አሟሟት በዝርዝር ጽፎ ነበር፤ ማን በጥይት፣ ማን በገመድ፣ ማን በራሱ እጅ። የሙታን መዝገብ ማለት ነው።

የእኔንም ጨምርበት አልኩት በልቤ። የ«ብሬቭሃርት»ን ልጅ። በነገራችን ላይ ታሪኩን አጣርቻለሁ። የአልጋ ወራሹ እውነተኛ ወዳጅ ፒርስ ጋቬስተን ይባል ነበር። ንጉሡ አገር ለቅቆ እንዲወጣ አደረገው እንጂ በመስኮት አልወረወረውም። ጋቬስተን የተገደለው በ1312 ነው፤ ያ አስፈሪ ንጉሥ ከሞተ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በመሳፍንቱ እጅ። ንጉሡ የወረወረው ሰው የለም። ሳቅ ያስፈልግ ስለነበረ ተወረወረ።

ለምን ይህን ያህል እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ሲኒማ ቤት ገባሁ፤ የአማርኛ አስቂኝ ፊልም ነው። አንድ ሰው ቁምጣ ታጥቆ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ጋድሞ በር ከፍቶ ገባ። ገና አፉን ሳይከፍት ቤቱ ሳቀ። ጎጃሜ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሥራ ሞባይል መፍራትና ቤት ሠራተኛዋን ማስደንገጥ ነው። በሌላው ፊልም ደግሞ ጎጃሜው ደብተራ ሆኖ መተት ይሠራል፤ በሦስተኛው ደም መላሽ ነው። ሦስት ልብስ አለን፤ ቁምጣ፣ ጥምጥምና ጠመንጃ። ሎጋሪዝም የሚያስተምር ጎጃሜ፣ የጥርስ ሐኪም የሆነ ጎጃሜ፣ ሚስቱ ቁም ሳጥን የምትለምነው ጎጃሜ እስካሁን አላየሁም። ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት እየሳቀ በክርኑ ነካ አደረገኝ፤ አብሬው እንድስቅ። ሳቅኩ። ከሲኒማው ወጥቼ ታክሲ ስይዝ አነጋገሬን እንዳለሳለስኩ ያወቅሁት ከወረድኩ በኋላ ነው።

ልዩነቱን አልስተውም። እኔ በጎጃሜነቴ የሚያሳድደኝ አጥቼ ማታ እቤቴ ገብቼ እተኛለሁ፤ እነዚያ ሰዎች እንደዚያ አይደሉም። ነገር ግን በማያውቀው ሰው ሳቅ ውስጥ ራሱን አይቶ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ይህ ዘጋቢ ፊልም ምን እንደሚል ግማሹ ብቻ ነው የሚገባው።

ጉድለቶቹን ላንሣ። የሚናገሩት በአብዛኛው የሆሊውድ ሰዎች ናቸው፤ የፊልም ዓለም በካሊፎርኒያ ተጀምሮ እዚያው የሚያልቅ ይመስላል። በኋላ ራሴ ፈላልጌ ያየሁት የጀርመን ፊልም አለ፤ «አንደርስ አልስ ዲ አንደርን»፣ በ1919 የተሠራ። ቫዮሊን የሚጫወት ሰው ነው፤ አንድ ዘራፊ ምስጢርህን አውጥቼ ሕግ ፊት አቀርብሃለሁ እያለ ገንዘብ ይበዘብዘዋል። እጁ አይታጠፍም፤ ሽቶ አይሸትም። ማግኑስ ሂርሽፌልድ የተባለ ሐኪምም ሐኪም ሆኖ ገብቶ ይናገራል። በማግሥቱ ዓመት ታገደ፤ ከእርሱም የተረፈው ቁርጥራጭ ነው። እንግሊዞችም በ1961 «ቪክቲም»ን ሠርተዋል፤ ዲርክ ቦጋርድ ጠበቃ ሆኖ ተመሳሳይ ዘራፊዎችን ፊት ለፊት ይጋፈጣል። በአገራቸው ሕጉ የተለወጠው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ሴታሴቱን ሳይጠሩ መሥራት ይቻል ነበር ማለት ነው፤ በ1919ም። ሆሊውድ ደንቡን ማመካኛ ሲያደርግ ይህን አስታውሱ።

ሌላው ጉድለት ጥድፊያ ነው። የ1970ዎቹና የ80ዎቹ ፊልሞች እንደ አውቶቡስ መስኮት ያልፋሉ፤ ስማቸውን አንብቤ ሳልጨርስ ሌላ ይመጣል። የአማርኛ ጽሑፍ የለውም፤ እንግሊዝኛው ግን ጥርት ያለ ነው፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪ ሊከተለው ይችላል። ርዝመቱ ከመቶ ደቂቃ ትንሽ ይበልጣል። ልጁ የጫነልኝ ቅጂ ሃምሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ ይቆም ነበርና ሁለት ጊዜ ተመላልሼ አስተካከለልኝ፤ ሁለተኛ አላስከፈለኝም። ከእንጨት ሥራው ውስጥ እንዲያወጣው ነገርኩት። «ስለ ምንድን ነው ታዲያ?» አለኝ። «ስለ ሳንሱር» አልኩት። እውነት ነው፤ ግማሹ።

ባለፈው ወር ለለቅሶ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ነበር። ከደምበጫ ወዲያ መንገዱ ሰላም ነበር፤ በጊዜ ደረስኩ። አያ ቪዲዮ ቤቱን ከዘጋ ቆይቷል፤ አሁን ወፍጮ ቤት አለው፤ ቅንድቡ ሁሉ ዱቄት ነው። ጋቢው ሌላ ጋቢ ነው፤ አለባበሱ ግን ያው። ጫጫታው ፋታ ሲሰጠን የድሮውን አነሣሣን። ስለ «ብሬቭሃርት» አስታወስኩት፤ ቀኑን ሁለት ጊዜ ማሳየቱን፣ ካሴቱ እስኪያረጅ ድረስ ማሳየቱን። ከት ብሎ ሳቀ።

«ሂድ ወፍ ሁን!» አለ።

«ጋቢውን ለምን አልጣልክም ያን ጊዜ?» አልኩት።

«ምን ነውር ነበረበት? ሰው ነው የተወረወረ፤ አልተሳሳሙ» አለ። ቀጥሎ ግን የወፍጮውን ቀበቶ እየዳሰሰ ዝም ብሎ ቆየ። «ያ ልጅ ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

ፊልሙን ሰላሳ ጊዜ ያህል ተርጉሜዋለሁ፤ አንድም ቀን በስሙ ጠርቼው አላውቅም።

«ፊሊፕ» አልኩት።

«ስም ነበረው እንዴ?» አለና አንዲት ሴት በቆሎዋን ይዛ ስለገባች ወደ ሚዛኑ ሄደ።